ሰውን ሰው የሚያሰኘው ምንድን ነው? ለአንድ የክርክር ክበብ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ቢቸና ከሚያስተምሩ መምህር የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የተማሪዎቻችን የክርክር ክበብ ‹ሰውን ከሌላው ፍጥረት የሚለየው ምንድን ነው?› በሚል ርእስ ሊከራከር ነው። አንዱ ቡድን ማሰብ ነው ይላል፣ ሌላው ቋንቋ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ነፃ ፈቃድ ነው ይላል። አንዷ ተማሪ ደግሞ ‹ስልኬ ላይ ያለው ፕሮግራምም ይናገራል፤ ታዲያ ሰው ነው?› ብላ ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው። ፈላስፎች ምን ብለዋል? የትኛውስ መልስ ክርክር ይችላል?»

መምህር፣ ርእሱ ሁለት ጥያቄ አዝሏል፤ ተማሪዎቹ ሳይገናኙ የሚተላለፉትም በዚህ ይመስለኛል። «ሰው» የሚለው ቃላችን አንዳንዴ የዝርያ ስም ነው፤ ከበሬ፣ ከጅብ፣ ከንብ የተለየውን ፍጥረት ይጠራል። አንዳንዴ ግን ማዕረግ ይሆናል። «እሱ እኮ ሰው አይደለም» የሚል ጎረቤት ስለ እጅና እግር አያወራም፤ ከሰው የሚጠበቀው ከዚያ ሰው አልተገኘም ማለቱ ነው። ስለዚህ «ሰው በምን ይለያል?» እና «ሰው በምን ይከበራል?» የሚሉት ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው። ብዙ ክርክር የሚበላሸው የመጀመሪያውን መልስ ይዞ ሁለተኛውን የመለሰ ሲመስለው ነው። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ መልስ እንዴት እንደሚመዘን። በጥንታዊው ትረካ ፕላቶን ሰውን «ሁለት እግር ያለው፣ ላባ የሌለው እንስሳ» ብሎ ሲበይን በዘመኑ የነበረው ፈላስፋ ዲዮጋን ዶሮ ነጭቶ አመጣና «የፕላቶን ሰው ይኸውላችሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ብያኔው ላይ «ሰፊ ጥፍር ያለው» የሚል ተጨመረበት ይባላል። ተማሪዎች የዶሮዋን ነገር ይወዱታል፤ እርስዎ ግን ጭማሪው ላይ ያቁሟቸው። «ሰፊ ጥፍር» ዶሮዋን ያስወጣል፤ ነገር ግን ሰው ለምን ፍርድ ቤት እንዳለው፣ ለምን እንደሚያፍር፣ ለምን ሙታኑን እንደሚቀብር አንዳች አይነግረንም። ስለዚህ የሚቀርበው መልስ ሁሉ በሦስት ወንፊት ይለፍ፦ ከሰው ሌላ ማንንም አያስገባም ወይ? ከሰው ማንንም አያስቀርም ወይ? ሌሎቹን የሰው ልዩነቶች ያስረዳልናል ወይ? ሦስተኛው ወንፊት ነው ፍልስፍናን ከእንቆቅልሽ የሚለየው። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ፖርፊርዮስ «መሳቅ የሚችል» የሚለውን የሰው ብቻ የሆነ ጠባይ አድርጎ ሲያስቀምጠው፣ የሰው መሠረት ግን አላደረገውም። መሳቅ የሚመጣው ከሌላ ነገር ነው፤ የሚፈለገው ያ ሌላው ነው።

የአገራችን ሊቃውንት መልስ ለጎጃም ልጅ ሩቅ አይደለም፤ ከመጽሐፍ ቤት አጠገብ ያደገ ሁሉ ይሰማዋል። ሰው ከአራት ባሕርያተ ሥጋ፣ ማለትም ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት፣ እንዲሁም ከሦስት ባሕርያተ ነፍስ ተፈጠረ ይላሉ። ነፍሱም ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያው ሆና ትኖራለች። የእንስሳት ነፍስ ግን ደማዊት ትባላለች። እዚህ ላይ ተማሪዎቹ እንዲያስተውሉ የምፈልገው የቃላቱን አከፋፈል ነው። ግሪኮች «ሎጎስ» በሚል አንድ ቃል ንግግርንም ምክንያትንም ይጠራሉ፤ የግእዙ ትምህርት ግን ለባዊትንና ነባቢትን ለየብቻ አስቀምጦ በአንዲት ነፍስ አገናኛቸው። የእርስዎ ሁለት ቡድኖች፣ የማሰብና የቋንቋ፣ የሚከራከሩት እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው ማለት ነው። ያለ ቃል ማሰብ ይቻላል? ያለ ሐሳብስ መናገር? የስልኩ ጥያቄም እዚያው ውስጥ ገብቷል።

አሁን ወደ ንብ እንሂድ። ማር በሚቆረጥበት አገር ከንብ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ ፈላስፎችም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በንብ ሲከራከሩ ኖረዋል።

አርስጣጣሊስ ስለ አገር አስተዳደር በጻፈው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ሰው ከንብ ሁሉ ይልቅ የማኅበር እንስሳ ነው ይላል። ምክንያቱንም እንዲህ ያስረዳል፦ ሌሎች እንስሳት ድምፅ አላቸው፤ በድምፅም ሕመምንና ደስታን ያመለክታሉ። ሰው ግን ቃል አለው፤ በቃሉም የሚጠቅመውንና የሚጎዳውን፣ ፍትሕንና ግፍን ይገልጣል። ልብ ይበሉ፣ «ሰው ብልህ ነው» አላለም። ሰው ስለ ግፍ መነጋገር ይችላል ነው ያለው። ይህን አባባል ብዙ ሰው «ሰው ማኅበራዊ እንስሳ ነው» ብሎ አሳጥሮ ይጠቅሰዋል። እንደዚያ ሲያጥር ግን ንብም ጉንዳንም ስለሚገቡበት ዋናው ነገር ይጠፋል።

ካርል ማርክስ በ1867 ሌላ ማነጻጸሪያ አመጣ። ንብ የሰም ጓዳዋን ስትሠራ ብዙውን አናጺ ታሳፍራለች፤ ነገር ግን ከሁሉ የማይረባው አናጺ እንኳ ከምርጧ ንብ የሚበልጠው ቤቱን በእንጨት ከማቆሙ በፊት በሐሳቡ ስለሚያቆመው ነው። መልካም መልስ ነው፤ ግን በጥንቃቄ ይያዝ። ዕቅድ የሚመስል ነገር ዛሬ በቁራና በዝንጀሮ ዘመዶች ላይም ታይቷል። በ2002 የታወቀችው ቤቲ የተባለች ቁራ ቀጥ ያለ ሽቦ አጥፋ መንጠቆ በማድረግ ከጠባብ ዕቃ ውስጥ ምግብ አውጥታለች። በመሣሪያ የሚከራከር ተማሪ ካለ የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል በ1960 ታንዛንያ ውስጥ ጎምቤ ላይ ቺምፓንዚ ሣር ወደ ምስጥ ኩይሳ እየሰደደ ምስጥ ሲያወጣ እንዳየች ይነገረው። ወደዚያ የላካት የቅሪተ አካል ተመራማሪው ሉዊስ ሊኪ ያን ሲሰማ አሁን ወይ መሣሪያን፣ ወይ ሰውን እንደገና መበየን፣ አለዚያም ቺምፓንዚን ሰው ብሎ መቀበል ሊኖርብን ነው አለ። «መሣሪያ ሠሪ» የሚለው መልስ በዚያ ተዘጋ፤ ብዙ ጊዜ አያጥፉበት።

የንብ ቋንቋ ግን ሰፊ ነው። ካርል ፎን ፍሪሽ የንብን ውዝዋዜ ፈትቶ በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆኗል። አበባ አግኝታ የተመለሰች ሠራተኛ ንብ በቀፎው ጨለማ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ በተንጠለጠለው የማር እንጀራ ላይ እየተወዛወዘች ትሄዳለች። ከሽቅብ መስመር ያላት ማጋደል አበባው ከፀሐይ አንጻር በስንት ማዕዘን እንዳለ ይናገራል፤ ውዝዋዜው የሚቆይበት ጊዜ ርቀቱን ይናገራል፣ በግምት አንድ ሰከንድ ለአንድ ኪሎ ሜትር ያህል። መስከረም ላይ አደይ ያለበትን ጋራ አንዷ ንብ ለጓደኞቿ በዚህ ዓይነት ትጠቁማለች። ይህን «ተራ ደመ ነፍስ ነው» ብሎ ማለፍ ያሳዝናል። የሌለን ነገር ለሌላው ማመልከት ነውና ከብዙ የእንስሳት ጥሪ የላቀ ነው።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ፎን ፍሪሽ ራሱ ምግቡን ከፍ ባለ ማማ ላይ ሰቅሎ ሲሞክር፣ ንቦቹ ተመልሰው ተወዛወዙ፤ ሌሎቹ ግን መሬት ለመሬት ሲፈልጉ ቀሩ። «ወደ ላይ» የሚል ምልክት የላቸውም፤ ሊፈጥሩም አልቻሉም። ኤሚል ቤንቬኒስት የተባለው የቋንቋ ሊቅ ደግሞ በ1952 የበለጠ ጥልቅ ነገር አሳየ። ንብ ለውዝዋዜ በውዝዋዜ አትመልስም፤ በርራ ትሄዳለች እንጂ። እሷ ያላየችውንም ከሌላዋ ሰምታ አታስተላልፍም። በንብ ዘንድ «እገሌ እንዲህ አለች» የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ቆም ብለው ተማሪዎቹን ያስቡበት ዘንድ ይጠይቋቸው፦ «አለ» የሚለው ቃል ከሌለ ምን ምን ይጠፋል? ምስክርነት፣ ሐሜት፣ ታሪክ፣ ትምህርት፣ ውሸት፣ «ማን ነገረህ?» የሚለው ጥያቄ። ይህ አንድ ልዩነት ሌሎቹን ብዙ ልዩነቶች ስለሚያስረዳ በሦስተኛው ወንፊት ያልፋል።

ድምፅና ምት ብቻውን መለያ እንዳልሆነ ለማሳየት ወደ ዓባይ ገደል ማየት ይበቃል። ጭላዳ ዝንጀሮ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያወጣው አንድ ድምፅ የሰውን ንግግር በሚመስል ምት እንደሚሄድ በ2013 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ምቱ አለ፤ «ማን ነገረህ?» ግን የለም።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1637 ሰውን ከእንስሳም ከማሽንም የሚለይ ሁለት ፈተና አቀረበ። አንደኛው፣ ማሽን ቃል ማውጣት ይችል ይሆናል፣ ነገር ግን በፊቱ ለተነገረው ነገር ሁሉ የሚገባውን መልስ እያፈራረቀ ማደራጀት አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማሽን አንዳንዱን ሥራ ከእኛ በተሻለ ቢሠራም በሌላው ስለሚሰናከል በዕውቀት እንዳልሠራ ይታወቃል የሚል ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ዋሸራና ጎንጅ የተባሉት የቅኔ ቤቶች ያሳደጉት አገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስና ከዚያም በላይ ሲወጣ ሕጉ አንድ ነው፦ የትናንቱ ዛሬ አይነገርም፣ የሌላው የራስ ተደርጎ አይቀርብም። በመሸምደድ ዳዊት ይደገማል፤ ቅኔ ግን አይቆጠርም። ለበዓሉ፣ ለሰዓቱ፣ ለተነሣው ነገር የሚስማማ አዲስ ቃል ካልመጣ መምህሩ ያርማል። ዴካርት በሐሳብ የጠየቀውን የቅኔ ቤት በየዕለቱ ይፈትነዋል።

ቅኔ ሌላም ይጨምራል። «ሳይማር ሞተ» የሚለውን ተራ አማርኛ ይውሰዱ፤ ትምህርት ሳይቀስም ሞተ ማለት ነው፣ ይቅርታ ሳያገኝ ሞተ ማለትም ነው። ተናጋሪው አንዱን በሰም ሲያስይዝ ሌላውን በወርቅ ያኖራል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ሰሚው ሁለቱንም እንደሚያገኝ አስቀድሞ አስቦ ነው። ስለ ሌላው ሰው ሐሳብ ያለ ሐሳብ ከሌለ ሰምና ወርቅ አይኖርም። (ሰሙ እኮ የንቧ ነው። አንጥረኛ በሰም ቅርጽ አውጥቶ፣ አሸዋና ጭቃ አልብሶ፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁን ያፈስበታል። ንብ ሰሙን ታውቀዋለች፤ ወርቁ ግን የኛ ነው።)

የተማሪዋ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ቀላል አይደለምና እንዳይስቁባት። የስልኩ ፕሮግራም ከብዙ ጽሑፍ የቀሰመውን አካሄድ ተከትሎ ቀጣዩን ቃል እየገመተ ይጽፋል፤ ለአዲስ ጥያቄም የሚስማማ መልስ ይሰጣል። የዴካርት አንደኛ ፈተና እንደ ድሮው አጥር ሆኖ አይቆምም፤ ይህን በግልጽ መቀበል ይሻላል። «ማሽን መቼም አይናገርም» በሚለው ላይ የተመሠረተ የሰው ክብር ካለ መሠረቱ ቀድሞም ደካማ ነበር።

ነገር ግን መናገርና ቃል መስጠት አንድ አይደሉም። በልሃ ልበልሃን ያስቡ። በድሮው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዋስ ጠርተው፣ በእሰጥ አገባ ሲሟገቱ አንደበተ ርቱዕነት ይደነቅ ነበር፤ ክርክሩን የሚያስረው ግን ዋሱ ነው። ተናጋሪው በተናገረው ይያዛል። «ብለሃል» ሲባል «አዎ፣ ብያለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ይላል፤ ካልሆነም «ተሳስቻለሁ» ብሎ ይክሳል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልፍሪድ ሴላርስ በ1956 ማወቅን «በምክንያቶች ሜዳ» ውስጥ መቆም ነው ያለው ይህንኑ ነው፦ አንድን ነገር አውቃለሁ ማለት ለተናገርኩት ምክንያት ልጠየቅ፣ ልሰጥም ዝግጁ ነኝ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ተሳሳትክ ሲባል የይቅርታ ቃል ይጽፋል፤ በቃሉ የሚያጣው፣ የሚያፍርበት፣ የሚከፍለው ነገር ግን የለም። ለሚለው ነገር ተጠያቂው ሠሪውና ተጠቃሚው ነው። ለተማሪዋ የምሰጣት መልስ ይህ ነው፦ ስልክሽ ቃል ያወጣል፤ በቃሉ ግን አይያዝም።

የነፃ ፈቃድ ቡድን ከዚህ መልስ ጋር ዘመድ ነው፤ ግን መከራከሪያውን ማስተካከል አለበት። «እንስሳ የፈለገውን ማድረግ አይችልም» ካሉ ይሸነፋሉ፤ ውሻም አጥንት ሲፈልግ ያነሣል። የሚሻለው አሜሪካዊው ፈላስፋ ሃሪ ፍራንክፈርት በ1971 ያቀረበው ነው፦ ሰው የሚፈልገውን ብቻ ሳይሆን ምን መፈለግ እንዳለበትም ይፈልጋል። አረቄ የሚያምረው ሰው «ምነው ባላማረኝ!» ይላል። በጾም ቀን የተራበ ሰው ረኀቡን አይክድም፤ ረኀቡ አዛዥ እንዳይሆን ይፈልጋል። ፈቃድ በፈቃድ ላይ ሲቆም ማለት ነው። ውሻ ከአጥንቱ በዱላ ሊከለከል ይችላል፤ አጥንቱን በመውደዱ ግን አያዝንም። በግእዝ በተጻፈውና ደራሲነቱ ከ1920 ወዲህ ሲያከራክር በኖረው የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ ውስጥም ሰው ለሥራው ጌታ ሆኖ እንደተፈጠረ፣ በጎም ክፉም መሆን በፈቃዱ እንደሆነ ይነበባል። ማን ጻፈው የሚለው ክርክር ሌላ ነው፤ ሐሳቡ ግን ለቡድኑ ይጠቅማል።

የዳርዊንን ተቃውሞ የሚያመጣ ተማሪ ከሌለ እርስዎ ያምጡት። በ1871 በሰውና በከፍተኛዎቹ እንስሳት አእምሮ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ቢሆንም የመጠን እንጂ የዓይነት አይደለም ብሏል። በ2003 የታተመ ጥናትም ያግዘዋል፦ ጦጣ ለሠራችው ሥራ ኪያር ተሰጥቷት፣ ጎረቤቷ ለዚያው ሥራ ወይን ሲሰጣት ስታይ ኪያሩን አልቀበልም አለች። እንግዲህ የአርስጣጣሊስ «ፍትሕና ግፍ» የሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው? ቁጣው ከሩቅ ዘመድ የመጣ መሆኑን እቀበላለሁ። ግን ጦጣዋ የተቆጣችው በራሷ ድርሻ ነው። የማያውቀው ሰው ተበደለ ብሎ ከመንደሩ ሽማግሌ ፊት የሚቆም፣ «እኔ የበላሁት ትርፍ ነበር» ብሎ የሚመልስ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ውኃ በዲግሪ በዲግሪ ይሞቃል፤ ሲፈላ ግን እንፋሎት ይሆናል። የመጠን ልዩነት ሲጠራቀም የዓይነት ልዩነት መሆን ስለሚችል ዳርዊንን መቀበልና ሰው ይለያል ማለት አይጣሉም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ፦ ከሦስቱ ቡድኖች አንዱን ከመምረጥ ሦስቱን የሚያገናኘውን ቃል መያዝ ይሻላል፤ እሱም ተጠያቂነት ነው። በአማርኛ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ተጠያቂ ማለት «ለምን?» የሚባል ማለት ነው። «ለምን?» ለመባል ማሰብ ያስፈልጋል፣ ለመመለስ ቋንቋ ያስፈልጋል፣ ሌላ ማድረግ ይቻል ነበር ለማለት ፈቃድ ያስፈልጋል። በሬ ከሞፈርና ቀንበር ቢያመልጥ ይመታል፣ ይታሰራል፤ ለፍርድ ግን አይጠራም።

አሁን ወደ ክብር ጥያቄ ልመለስ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ይተካል፣ ክብር ያለው ግን አይተካም፤ ክብር ያለውም ለራሱ ሕግ መስጠት የሚችለው ነው አለ። ታላቅ ሐሳብ ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። ክብር የሚገኘው በችሎታ ከሆነ ሕፃኑ፣ በእርጅና የዘነጋችው እናት፣ በአእምሮ ሕመም የተያዘው ወንድም ከክብር ሊወጡ ነው። ሁለተኛው ወንፊት፣ «ከሰው ማንንም አያስቀርም ወይ?» የሚለው፣ እዚህ ላይ ጨካኝ ይሆናል። በታሪክም ሰውን ባሪያ ካደረጉት ብዙዎቹ መጀመሪያ «ይህ ማሰብ አይችልም» ብለው ነው የጀመሩት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጀርሚ ቤንታም በ1789 ከሌላ አቅጣጫ መጥቶ ስለ እንስሳት ጥያቄው ማሰብ ይችላሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ ነው አለ። የሚያርስን በሬ በዱላ ማሠቃየት ክፉ የሚሆነው በሬው ሰው ስለመሰለ አይደለም፤ ስለሚያመው ነው። ልዩ መሆናችን ሌላውን ለማሠቃየት ፈቃድ አይሰጥም፤ ይልቁንም ስለ በሬው የሚጠየቀው ሰውየው ነው።

ስለ ዝግጅቱ፣ ርእሱን በሁለት ቀን ይክፈሉት። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ቡድን «ሰው ማለት … የሆነ እንስሳ ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ከፈቀዱላቸው ማምለጫ ያበጃሉ። ተቃዋሚው አንድ ሰው ያልሆነ ግን የሚገባ፣ አንድ ሰው ሆኖ ግን የሚቀር ምሳሌ ያምጣ። ብያኔው አንድ ጊዜ ብቻ ይሻሻል። በየተቃውሞው የሚለጠፍ ብያኔ እንደ «ሰፊ ጥፍር» ይሆናልና በዳኞች ነጥብ ይቀነስበት። በሁለተኛው ቀን ርእሱ «የሰው ክብር ከችሎታው ይመነጫል» ይሁን፤ አዎና አይ ባዮች ይከራከሩበት።

በሁለተኛው ቀን አንድ ተማሪ «ተጠያቂነት መለያው ከሆነ ሕፃንስ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን አስቀድመው አይስጡ። ከተጨነቁ ግን እናት አፉን ያልፈታ ልጇን እንዴት እንደምታነጋግረው ያስታውሷቸው። «ምን ሆነህ ነው? ማን ነካብኝ? ለምን ታለቅሳለህ?» ትለዋለች፤ ራሷ ትጠይቃለች፣ በእሱ ፈንታም ራሷ ትመልሳለች። መመለስ የማይችለውን ከሚመልሱት መካከል ቆጥራዋለች፤ ልጁም አፉን የሚፈታው በዚያ መካከል ነው።